ሠላሳ ሴንቲ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ልብስ ሰፊዋ የአንድ ደንበኛዋን ኮሌታ እየገጠመች ሳለ፣ ከግድግዳው ውስጥ አንድ ቀጭን ብረት እየተሽከረከረ ብቅ አለና ሚስማር ላይ የተሰቀለውን አረንጓዴ ቀሚስ ይጠመዝዘው ጀመር። መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። ቀሚሱ ሰው የለበሰው ይመስል ወገቡን ሰበቀ፣ ተሸበሸበ፣ ወደ ግድግዳው ተጠመጠመ፤ ከዚያ «ክርር» የሚል ድምፅ ተሰማና ሁሉም ነገር ቆመ። ብረቱ እንደ አመጣጡ ወደ ኋላው ተመለሰ። ከማዶ አንድ ሰው ሲስል ተሰማ። እሷ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ተነስታ ቀሚሱን አወረደችና ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ከወገቡ በታች፣ በቀኝ በኩል፣ አውራ ጣት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቷል። ቀሚሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ነጭ ጋውን ለብሳ የኖረች የአንዲት ነርስ ነው። ነገ በሥራዋ ልትሸለም ነው፤ «እትዬ፣ ነጭ ብቻ አይሁን እንጂ የፈለጉትን ይስፉልኝ» ብላ ጨርቁን ራሷ መርጣ ያመጣችው እሷ ናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥታ ልትወስደው ተቀጣጥረዋል። ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካች።

ግድግዳው የቆመው የዛሬ አራት ዓመት ነው። እናታቸው ካረፉ በኋላ እሷና ታናሽ ወንድሟ ሰፊውን ሳሎን ለሁለት ሲከፍሉት፣ መሐሉ ልክ መስኮቱ ላይ አረፈ። በግማሽ መስኮት የሚኖር ሰው የለም፤ እሷ ደግሞ ክር ከመርፌ የምታሰልከው በቀን ብርሃን ነው። ስለዚህ ግድግዳው ሠላሳ ሴንቲ ወደ እሱ በኩል ይገፋ አለች። ወንድሟ ሜትሩን ጣቱ ላይ እየጠቀለለ «ይገፋ» አለ። አጎታቸውና ሁለት የአክስቶቻቸው ልጆች ተቀምጠው ነበር፤ እነሱ ፊት «ድሮስ ትልቁን የምትወስደው እሷ አይደለች» ብሎ ጨመረበት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የበሩን ደፍ አላለፈችም፤ እሱም የሷን። ተኳርፈዋል እንዳይባል ሰላምታው አልተቋረጠም። ግቢ ውስጥ ሲገናኙ «እንደምን አደርሽ፣ እታለም?» «ደህና፣ አንተስ?» ይባባላሉ። አንዳቸው ሲታመም ሌላው ሾርባ ሠርቶ በሩ ላይ ያስቀምጥና አንኳኩቶ ይሄዳል። ግድግዳው ስስ የቺፑድ ጣውላ ስለሆነ ደግሞ የማይሰማ ነገር የለም። እሱ የሷን ስፌት መኪና ይሰማል፤ እሷ የሱን ሬዲዮና ሳል። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ፣ ይኸው ስምንት ወሩ፣ መጋዝና መዶሻም ተጨምሮበታል። ቁም ሣጥን እየሠራ ይሆናል ብላ ነበር። በስምንት ወር ውስጥ ያላለቀ ቁም ሣጥን ግን ወይ ሠሪው ወይ እንጨቱ አንድ ነገር አለበት ማለት ነው።

ቀሚሱን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። ከሷ በር እስከ እሱ በር፣ ግቢውን ዞሮ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። በአሥራ ሁለቱም እርምጃ የምትለውን አሰናዳች። «ሰው የለም ብለህ ነው? እኔ ሰው አይደለሁም? ዓይኔን ብትወጋው ምን ልትል ነበር?» በሩን በጡጫዋ ደበደበችው። ሲከፈት ወንድሟ ቅንድቡ ድረስ ሰጋቱራ ለብሶ፣ ድሪሉን እንደ ሽጉጥ ወደ መሬት አዘቅዝቆ ቆሟል። ሠላሳ ሦስት ዓመት አሳንሰር የጠገነ ሰው ነው፤ የሰፈሩ ሰውም «አሳንሰር» ብሎ ሰይሞታል፤ በስሙ የሚጠራው የለም።

«እታለም!» አለ ደንግጦ። ቀጥሎም ያሰናዳችውን ሁሉ የሚያስረሳ ጥያቄ ጠየቃት። «ወደዚያ በኩል ወጣ እንዴ?»

መልስ ሳትሰጥ ቀሚሱን ዘረጋችለትና ጣቷን በቀዳዳው አሳልፋ አወዛወዘችው። አሳንሰር ክው አለ። ጣቷን አየ፣ ድሪሉን አየ፣ ከዚያ ድሪሉን ከኋላው ደበቀው። የድሪሉ ጫፍ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣ መሆኑን፣ ኮንክሪት የለመደ መሆኑን፣ የሚበሳው ቺፑድ መሆኑን ረስቶ መጫኑን፣ አንዲት ትንሽ ብረት ብቻ ሊያስር እንደነበረ በአንድ ትንፋሽ ነገራት። ጨርቁን ገዝቼ ልተካ አለ። ጨርቁ ከገበያ አልቋል አለችው። ወደ ሌላ ሱቅ ልሂድ አለ። ቢገኝስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማን ይሰፋዋል አለችው። እንደዚያ በሩ ላይ ሲመላለሱ በትከሻው በኩል ወደ ውስጥ ዓይኗ ገባ፤ ገብቶም ቀረ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ አገር ተቀምጧል። በአልጋውና በግድግዳው መሐል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ወገብ ድረስ ከፍ ያለ ሰፊ የእንጨት መደብ ተዘርግቶ፣ መደቡ ላይ ተራራ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ድልድይ አለ፣ ከተማ አለ፤ በሁሉም መሐል ከክብሪት እንጨት የቀጠኑ አግድም እንጨቶች ላይ የተነጠፈ ትንሽ የባቡር ሐዲድ ይሄዳል። ሳታስበው ገባች። ተራራው የፍራሽ ስፖንጅ ተቦጭቆ፣ በጄሶ ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ነው። ዛፎቹ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ናቸው፤ ተበጣጥሰው ሽቦ ላይ ተሰክተዋል። ቤቶቹ የጥርስ ሳሙናና የመድኃኒት ካርቶን ናቸው፤ በአንደኛው ፎቅ ጎን ላይ «ከምግብ በኋላ» የሚል ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። ጣቢያው ሦስት ፎቅ አለው፣ ፎቁ ደግሞ አሳንሰር አለው፤ በክር የሚወጣና የሚወርድ የክብሪት ቀፎ። የጣቢያው ሰዓት ላይ ጎንበስ ብላ አተኩራ አየችው። ባለ አራት ቀዳዳ ነጭ የልብስ ቁልፍ ላይ ቁጥር ተጽፎበት ነው።

«ይኼ ቁልፍ የኔ አይደል?»

«ግቢ ውስጥ ወድቆ አግኝቼው ነው» አለ። «ብዙ ትጥያለሽ» ሲልም ጨመረ።

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ ቀሚሱ ክንዷ ላይ ነው። ልትወጣ ዞር ስትል ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ በስፒል የተሰካኩ ወረቀቶች አየች። አሥራ አንድ ናቸው፤ በሚሊሜትር ወረቀት ላይ በእርሳስ የተሠሩ ንድፎች፣ እያንዳንዳቸው ቁጥርና ቀን አላቸው፣ እያንዳንዳቸው ላይም ትልቅ የስህተት ምልክት ተደርጎባቸዋል። ሁሉም የዚሁ ክፍል ንድፍ ናቸው። ሦስተኛው ላይ ሐዲዱ በበሩ ላይ ያልፋል፤ ጎኑ «ሰው በየት ይገባል?» ተብሎ ተጽፏል። ሰባተኛው ላይ «አልጋው ይወጣል፤ መሬት መተኛት ይቻላል» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ በሌላ እርሳስ «ወገቤ አልቻለም»። ዘጠነኛው ላይ ባቡሩ በአልጋው ራስጌ በኩል በድልድይ ያልፋል፤ «ስነሳ ጭንቅላቴን መታኝ»። አሥራ አንዱም ላይ ግን፣ አንድም ሳይቀር፣ የሁለቱን ክፍል ወሰን የሚያሳይ በማስመሪያ የተሰመረ ቀይ መስመር አለ፤ ከመስመሩ ማዶ ያለው ወረቀት ባዶ ነው፤ ባዶው ላይ በደንብ ተጽፎ «የእታለም ወገን። አይነካም» ይላል።

እታለም ሁለተኛውን አነበበች፣ አምስተኛውን አነበበች፣ አሥረኛውን አነበበች። ወንድሟ ከኋላዋ ሆኖ የጉሮሮውን አቧራ ይጠርጋል። ደጅ ላይ ሆና ያሰናዳችው ነገር ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። «ደህና» አለች፤ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ አለብኝ።» ቀሚሱን አጥፋ ይዛ ወጣች።

ቀዳዳ የሚደፈንባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ የማይታዩት ግን ጥቂት ናቸው። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን ገበታዋ ላይ አነጣጥፋ በጠመኔ ዙሪያውን ከበበችው፣ ከዚያ ሻይ ቀድታ ፊቱ ተቀመጠች። ጥልፍ ብታደርግበት ከአንድ ወገን ብቻ ጥልፍ ያለው ቀሚስ ይሆናል። ብትቀንሰው ያጥራል። ከግድግዳው ማዶ አንድ ነገር «ዝዝዝ» ማለት ጀመረ፤ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ከዚያ «ቀጭ!» አለና ቆመ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና «ዝዝዝ»፣ እንደገና «ቀጭ!»። ለስምንት ወር ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነው፤ እስከ ዛሬ ምን እንደሆነ ስላላወቀች እንደ ዝናብ ታልፈው ነበር። አሁን ግን ሐዲዱን አይታዋለች፤ በጆሮዋ ትከተለው ጀመር። ጣቢያውን አለፈ፣ ድልድዩ ላይ ድምፁ ሳሳ፣ ተራራው ውስጥ ገባ፣ ወጣ፣ መታጠፊያው ላይ ደረሰ፣ «ቀጭ!»። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው የሚወድቀው። ሰባት ጊዜ ወደቀ። በስምንተኛው እሷም ማሰለክ የጀመረችውን ክር ይዛ ትንፋሿን ዋጠች። «ቀጭ!» ከዚያ የወንድሟ ረጅም እስትንፋስ ተሰማ፣ ከዚያም የወንበር መንቋቋት። አንጀቷን በላው። ንዴቷን ፈልጋ አጣችው፤ እንዲያውም መቀሷን አንስታ ቀዳዳውን በራሷ እጅ ቁመቱን ወደ ላይና ወደ ታች ቀደደችው።

ነርሷ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጣች፤ ከአዳር ሥራ ወጥታ ሳትተኛ ነው፣ ግን ፊቷ በራ። ልብስ ሰፊዋ ቀሚሱን አልብሳት መስተዋቱ ፊት አቆመቻትና ገና አንድ ቃል ሳትናገር የነርሷ ሁለት እጆች እንደ ልማዳቸው ወደ ታች ወርደው በግራና በቀኝ ከወገቡ ሥር ካሉት ኪሶች ውስጥ ገቡ። ነርሷ ዓይኗ ፈጠጠ። «እትዬ! ኪስ አደረጉለት?» እያለች እጇን አወጣች፣ መልሳ ከተተች፣ አወጣች። «እኔ እኮ እዚያ መድረክ ላይ እጄን የት ላድርገው ብዬ ሳስብ እንቅልፍ አጥቼ ነበር! ጋውን ኪስ አለው፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት እጄ ኪስ ውስጥ ነው!» ልብስ ሰፊዋ መዋሸት አትችልም፤ ቀኙ ኪስ በድሪል የተጀመረ መሆኑን፣ ግራው ለመመሳሰል ብሎ የመጣ መሆኑን ነገረቻት። ነርሷ እስክትጎብጥ ሳቀች። ገና ሳቋን ሳትጨርስ ከግድግዳው በኩል «ቀጭ!» አለ።

«ይኼስ ምንድን ነው?»

«ወንድሜ ነው። ባቡር እየሠራ ነው።»

ሰው እንዲህ ተነግሮት ሳያይ አይሄድም። ነርሷ በአዲሱ ቀሚሷ፣ ጫፉን በእጇ ሰብስባ፣ ግቢውን ዞራ ከአሳንሰር በር ቆመች፤ እታለምም ተከትላት በዛሬው ቀን ለሁለተኛ ጊዜ መጣች። አሳንሰር ቀሚሱን ሲያይ ቀዳዳውን በዓይኑ ፈለገ፣ አጣው፣ በምትኩ ከኪሱ የወጣ እጅ ለሰላምታ ተዘረጋለት። ነርሷ ነገር ዓለሙን ረስታ መደቡ ላይ ጎንበስ አለች። የካርቶኑን ፎቅ አነበበች፣ የክብሪቱን አሳንሰር አወጣች አወረደች፣ «ባቡሩን ልየው» አለች። አሳንሰር ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን የትራንስፎርመር ማዞሪያ አዞረ። ቀይ የባቡር ራስና ሦስት ፉርጎዎች ከጣቢያው ተነስተው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ተራራውን አልፈው ወደ መታጠፊያው መጡ፤ ራሱ አለፈ፣ ሁለቱ አጫጭር ፉርጎዎች አለፉ፣ ረጅሙ የሰው ፉርጎ ግን ዘመመ፣ ተንገዳገደ፣ በጎኑ ተኛ።

«አደጋ!» አለች ነርሷ። «የተጎዳ አለ?»

«ተለማምደውታል» አለ አሳንሰር። ከዚያ ፉርጎውን እያነሳ አስረዳት። መታጠፊያው ጠቦ ነው። ሐዲዱ ዞሮ ለመመለስ ወርዱ አንድ ሜትር ቦታ ይፈልጋል፤ እዚህ ከአልጋው እስከ ግድግዳው ያለው ሰባ ሴንቲ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ሞክሯል። ነርሷ አልጋውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ጣቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «ታዲያ በዚህ በኩል ለምን አታሳልፉትም? የእትዬ ክፍል አይደል?»

አሳንሰር የፉርጎውን እግር በጣቱ ያሽከረክር ጀመር። እታለም ቀና ብላ ጣራውን አየች፤ ጣራው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። ነርሶች ሰው ዝም ሲል ምን እንደሚያመው ያውቃሉ መሰለኝ፤ ሰዓቷን አየች፣ እንቅልፏ እንደመጣ ተናገረች፣ እታለምን ሁለቴ ስማ፣ «ለነገው ይጸልዩልኝ» ብላ እጆቿን ኪሷ ከትታ ወጣች። የውጭው በር እስኪዘጋ ድረስ ወንድምና እህት እንደቆሙ ቆዩ።

«ስንት ነው የጎደለህ?» አለች እታለም በመጨረሻ። ስሌቱን እሱ ለነርሷ ሲያስረዳ ከሰማች ገና አምስት ደቂቃ አልሆናትም።

«ሠላሳ።»

«ሠላሳ» ብላ ደገመችው። ቁጥሩን ሁለቱም ያውቁታል።

«እኔ አልጠየቅኩሽም» አለ አሳንሰር ፈጠን ብሎ። «ድሪሉም ለዚያ አልነበረም። ለተራራው ማሰሪያ ነው። እንድትጠረጥሪኝ አልፈልግም።»

«አልጠረጠርኩህም። ወረቀቶቹን አንብቤያቸዋለሁ።»

አሳንሰር ወደ ወረቀቶቹ ዞረ፤ ሊያወርዳቸው እንደፈለገ እጁን አነሳ፣ ተወው። ፊቱን ወደ ተራራው እንዳደረገ ነው ቀጥሎ የተናገረው፤ ድምፁም ለተራራው የሚናገር ይመስል ነበር። «ያን ቀን አጎቴ ፊት… ሰው ሲስቅልኝ ደስ ብሎኝ ነው። ከአፌ ሳይወጣ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ እላለሁ። መጥቼ ልነግርሽ አስቤ በርሽ ድረስ የመጣሁበት ቀን አለ። ደንበኛ ነበረብሽ።»

«አራት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ነበረብኝ?»

«ተይዋ፣ እታለም።»

ተወችው። እንደ እውነቱ ከሆነ እሷም በዚያው አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ መጥታ «ያ ቃል አሳመመኝ» አላለችም፤ መስኮቷ ሥር ተቀምጣ መርፌዋን ስትወጋና ስትነቅል ነው የኖረችው። ይህን ግን ለመናገር ጊዜው ገና መሰላት፤ ወይም ደግሞ አፏ ሌላ ነገር ቀደመ። «በመጀመሪያ ሠላሳ ሴንቲ ብጨምርልህም ይወድቃል» አለችው።

«ምን?»

«ስታጥፈው አይቻለሁ። እኔ እጅጌ ስገጥም ቀጥ ብዬ መጥቼ ትከሻው ላይ ድንገት አልጠመዝዝም። ቀደም ብዬ በጥቂቱ ማዘንበል እጀምራለሁ፣ ከዚያ አጥፋለሁ፣ ስወጣም በጥቂቱ እለቀዋለሁ። ያንተ ሐዲድ ግን ቀጥ ብሎ ይመጣና በአንዴ ይታጠፋል። ረጅሙ ፉርጎ ምን ያድርግ?»

አሳንሰር አፉን ከፍቶ አያት። «ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀጥ ያለ ነገር ነው የሠራሁት» አለ ቀስ ብሎ። «አሳንሰር አይታጠፍም።»

«መጋዝህን አዘጋጅ» አለችው። «እኔ ወረቀት ላምጣ።»

የልብስ ቅድ የምታወጣበትን ቡናማ ወረቀት ጥቅልል አምጥታ መደቡ ላይ ዘረጋችው፣ በጠመኔ ሳይሆን በእሱ እርሳስ፣ ከአርባ ዓመት ልምድ በሚመጣ በአንድ የክንድ ውርወራ መታጠፊያውን ሳለችው። አሳንሰር በሜትሩ ለካው። ሚሊሜትር ለሚሊሜትር ያስላል፣ ያጉረመርማል፣ ደግሞ ይለካል፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አረማት፣ አንዱ ላይ እሱ ትክክል ነበር፣ በሌላው ተከራክረው እሷ አሸነፈች። ከዚያ ረጅሙን ፉርጎ ወረቀቱ ላይ አስቀምጠው በእጅ እየገፉ ማዕዘኖቹ የሚደርሱበትን ነጥብ በነጥብ ምልክት አደረጉ፤ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው በጠባብ በር ሲዞር ክርኑ እንደሚነካው ሁሉ ፉርጎውም ሲታጠፍ ጎኑ ይወጣልና ቀዳዳው ለዚያ ሊበቃው ይገባል። ወረቀቱ ተቆርጦ ግድግዳው ላይ በስፒል ተሰካ። ሁለት ቀዳዳ፣ መግቢያና መውጫ፣ በመሐላቸው ሁለት ሜትር ተኩል። እሷ ክፍል ውስጥ የጨርቅ ጥቅልሎቿ ተነስተው አልጋዋ ላይ ተደረደሩ፣ ገበታዋ ወደ መሐል ተሳበ፣ የተሰቀሉት ልብሶች ሁሉ ወደ ሌላው ግድግዳ ተሻገሩ። አሳንሰር ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ እሷ ክፍል አልገባም። እንጨቱን በመስኮቱ በኩል አቀበላት። ሚስማሩን በመስኮት፣ መዶሻውን በመስኮት። እሷም ግባ አላለችውም፤ ሁለቱም የመስኮቱ መንገድ የሚቀርብ አስመሰሉት።

የመጀመሪያውን ቀዳዳ እሱ ከወዲያ ቆረጠ። መጋዙ ሲያልፍ ሰጋቱራው በሷ በኩል እንደ ዱቄት ፈሰሰ፤ ቁራጩ ቺፑድ ወደቀና በቀዳዳው ውስጥ የወንድሟ ዓይንና ግማሽ ጢሙ ታየ። «እንደምን ዋልሽ፣ እታለም?» አለ ቀዳዳው። «ሥራህን ሥራ» አለችው፤ ግን እየሳቀች ነው። መደርደሪያው ሠላሳ ሴንቲ ወርድ ነበረው፤ እሷ ከዚህ እየደገፈች እሱ እጁን በቀዳዳው አሾልኮ ውሃ ልኩን እያስቀመጠ፣ «ትንሽ ከፍ»፣ «በቃ»፣ «ኧረ በዛ» እየተባባሉ አቆሙት። ሐዲዱን ስትነጥፍ ወረቀቷን ከሥር አንጥፋ ነው፤ እንደ ጥብጣብ በስፒል እየያዘች፣ እያላላች፣ እየመለሰች። አንድ ጊዜ ብቻ ተጣሉ። እሱ ሽቦውን በመስኮቷ ፊት ላሳልፍ አለ፣ እሷ ብርሃኔን አትንካብኝ አለች፣ ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ከጎረቤት አንድ መስኮት ተከፈተ። ሁለቱም ደንግጠው ጎንበስ አሉ። ከዚያ እሱ «በመደርደሪያው ሥር ይሄዳል» አለ፣ እሷም «እንደሱ ከጅምሩ ብትል» አለች፤ ነገሩ አለቀ።

ፀሐይ ልትገባ ስትል ተጠናቀቀ። የመስኮቱ ብርሃን ወደ ብርቱካንነት ዞሮ በአዲሱ መደርደሪያ ላይ ተኝቷል፤ ሐዲዱ ሁለት ቀጭን የብር ክር መስሏል። እታለም በርጩማዋን ስባ፣ ጉንጯን መደርደሪያው ደረጃ ላይ አድርጋ፣ የመግቢያውን ቀዳዳ ትኩር ብላ እያየች ተቀመጠች። ከማዶ የወደቁ ዕቃዎችን አነሳስቶ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ስሎ፣ ወንድሟ ጮኸ። «ላክሁት!»

ድምፁን ተከተለችው። ጣቢያው። ድልድዩ። ተራራው። ሁልጊዜ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ በርጩማዋን በሁለት እጇ ጨመቀች። «ቀጭ» አላለም። ድምፁ ሳይቋረጥ እየቀረበ፣ እየጎላ መጣ፣ ቀዳዳው ውስጥ አንዲት ነጥብ ብርሃን ታየች፣ ነጥቧም አደገች፣ ከዚያ ቀዩ የባቡር ራስ መብራቱን እያበራ ከግድግዳው ወጥቶ ክፍሏ ገባ። ከኋላው አንዱ ፉርጎ፣ ሁለተኛው፣ ከዚያም ረጅሙ፣ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ተመልሶ ቀና ብሎ። በአፍንጫዋ ሥር አለፈ። የፉርጎዎቹ መስኮቶች ሁሉ የፀሐዩን ቀለም ይዘው ነበር።

«ወጣ?» አለ ግድግዳው።

አንገቷን አስግጋ ረጅሙን ፉርጎ በዓይኗ ተከተለችው። የስልሳ አራት ዓመት ሴት ናት፤ በካርቶንና በስፖንጅ አገር ሲጓዝ የዋለ ባቡር ስትከተል ከበርጩማዋ ልትወድቅ ነበር ብትል ማን ያምናታል?

«እታለም! ወጣ ወይ? ወደቀ እንዴ?»

«አለፈ» ልትለው ነበር። ግን ወንድሟ ከደፏ ሳያልፍ አራት ዓመት እንደሆነው ትዝ አላትና ከንፈሯን ነከሰች፤ እንዲመጣ ጠበቀች። ከማዶ ወንበር ወደቀ፣ በር ተከፈተ፣ የነጠላ ጫማ ጥፍጥፍታ ግቢውን ዞረ፤ አሥራ ሁለት እርምጃ መሆን የሚገባው ሰባት ብቻ ቆጠረች። በሯ ተበረገደ። አሳንሰር ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ አንድ እግሩ ጫማ የሌለው፣ ደፍ ላይ ደርሶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደፉን አየ። እሷን አየ።

«ወደቀ?» አለ።

«ግባ እንጂ፤ ብርዱን አታስገባብኝ።»

ገባ። በሩንም ከኋላው ዘጋ። መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ፉርጎዎቹ በሌላኛው ቀዳዳ አልፈው ሄደዋል። «የት አለ?» አላት ግራ ተጋብቶ።

«አንተ ቤት ገባ።»

«እኔ ቤት? ማንም የለም እኮ!»

«እንግዲህ ብቻውን ይመላለሳል።» ጨርቅ ከተከመረበት ወንበር ላይ ጥቅልሎቹን አንስታ አጠገቧ አስቀመጠችለት። አሳንሰር ተቀመጠ። ክፍሉን ዙሪያውን አየ፤ የስፌት መኪናዋን፣ የእናታቸውን ፎቶ፣ ከመስኮቱ ሥር ያለውን የቁልፍ ማሰሮ። ከግድግዳው ማዶ ባቡሩ የባዶውን ክፍል ጣቢያ አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ተራራ ውስጥ ሲገባ ሁለቱም ሰሙት። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አሳንሰር የእህቱን ክንድ ያዘ፤ መያዙን ያወቀ አይመስልም። አለፈ። ቀዳዳው ውስጥ ብርሃኑ ታየ፣ ቀዩ ራስ ወጣ፣ ፉርጎዎቹ ተከተሉት፣ ረጅሙም ዘንበል፣ ቀና። ወንድሟ ስምንት ወር የሠራውን ነገር ከፊት ለፊት ሲመጣ ሲያየው የመጀመሪያው ነበር፤ እንደ ልጅ በሁለት መዳፉ አገጩን ደግፎ ዓይኑን ሳይነቅል እስከ መውጫው ሸኘው።

«ሞተሩ ይሞቃል» አለ ከጥቂት ጊዜ በኋላ፤ ለመነሳትም ቃጣው። «ሄጄ ላጥፋው።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ይዙር» አለችው።

ስድስት ጊዜ ዞረ።